ከፈረቃ የተረፈ ድምፅ

ቦሌ ቡልቡላ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢምራን፤

እንደምን ሰነበትክ? እናትህስ እንዴት ናቸው? ደብዳቤህን አጎትህ ጋሽ አብዱራሕማን ሱቅ ሄጄ ተቀበልኩ። ገረመው ከሐይቅ ሲመጣ ከሾፌር ወንበሩ ሥር አስቀምጦ ነው ያመጣው መሰለኝ፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልህ በመቅረቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ወረቀቱን ከገዛሁት ቆይቻለሁ፤ "እንደምን ሰነበትክ" ብዬ እጀምርና ከዚያ ወዲያ የሚጻፍ ነገር አጣለሁ።

በዚህ ዘመን በወረቀት ስንጻጻፍ ወንድምህ ሐሩን ቢያየን ዓመት ሙሉ ይስቅብን ነበር። ግን ልክ ነህ። ቤታችሁ ሁለት ክፍል ነው፣ ስልክ ሲጮኽ ቀድመው የሚሰሙት እናትህ ናቸው። ኢንተርኔቱም ሐይቅ ከተማ ድረስ እንደልብ አይመጣም ብለሃል። ወረቀት ግን እናትህ አያነቡትም።

ለጠየቅከኝ፦ አዎ፣ ሁሉንም አውርጃለሁ። የባንዳችንን የፈረቃን ገጽ ዘግቼዋለሁ፤ ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር እየጻፈበት ነበር። መድኃኔዓለም አካባቢ ካፌዎቹ በር ላይ የተለጠፉትን የኮንሰርት ፖስተሮች ራሴ ዞሬ ገነጠልኩ። ከሰባቱ አምስቱን አገኘሁ፣ ሁለቱን ዝናብ በልቷቸዋል። አንዱ አስተናጋጅ "ፈረቃ ዘንድሮ አይጫወትም እንዴ?" አለኝ። አይጫወትም ብዬው ወጣሁ።

ጋሽ አብዱራሕማን አሁንም ያው ናቸው። ሐሩን መስከረም ሃያ ስድስት ሲቀበር እናቱ ደሴ ሆስፒታል ስለነበሩ፣ ልባቸው እስኪጠና መርዶው ይቆይ ብለው ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል ይሉኛል። ያኔ እኔም ተስማምቼ ነበር። ያኔ አልጋ ላይ ነበሩ። አሁን ግን ቤታቸው ገብተዋል፣ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ አንተም አጠገባቸው ነህ። እስከ መቼ እንደሆነ አጎትህን ብጠይቃቸው ሚዛኑን መጥረግ ጀመሩ።

ለመሆኑ ለእናትህ የምትሉትን ናይሮቢን ማን መረጠው? ለቀረጻ ሄዷል ማለቱስ ይሁን። ሐሩን ግን አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ባለፈ ቁጥር በፍርሃት አንገቱን የሚሰብር ሰው ነው። ነበር።

የልምምድ ቤታችን እንዳለ ነው። እትዬ የሺመቤት ስምንት ዓመት ሙሉ ግድግዳውን በመጥረጊያ እንጨት ሲደበድቡብን ኖረው፣ ዛሬ ዝምታው እንቅልፍ ነሳኝ ይላሉ። አንድ ቀን ሄጄ ቤዝ ጊታሬን ላንሳ ብዬ በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። በሚቀጥለው ሳምንት እሞክራለሁ።

ሔዋን

ሐይቅ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሔዋን፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ለሰው ሁሉ እንዲህ ነው የምለው፣ ላንቺም ልማዱ አልለቀቀኝም፤ አትታዘቢኝ።

አይ፣ እማ አልጠረጠረችም። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ ግን አጎቴ ከአዲስ አበባ መጥቶ አንድ በአንድ ስላስጠነቀቃቸው አንድም ሰው አፉን አላዳለጠውም። ሴቶቹ ወተት ይዘው ይመጣሉ፣ ስለ ሐይቁ ዓሣና ስለ ልጆቻቸው ትምህርት አውርተው ይሄዳሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ የሁሉንም አፍ እጠብቃለሁ። እንደ ዘበኛ።

መድኃኒቷን ትወስዳለች። ሐኪሙ ደህና ናት ብሏል። ይህን ስጽፍልሽ ቀጥሎ የምትጽፊውን አውቀዋለሁ፤ ደህና ከሆነች ለምን አትነግራትም ልትዪኝ ነው። ልክ ነሽ። ትናንት ልነግራት ገብቼ ነበር። ልብሱን እያጣጠፈች ነበር። የሐሩንን ሹራብ፣ ያን የክርኑ ቀዳዳ ያለበትን፣ ብርድ አገር ከሆነ ይላክለት አለችኝ። ናይሮቢ አይበርድም ብያት ወጣሁ።

ሐሩን ጁምዓ ጁምዓ ጠዋት ሳይደውልላት ቀርቶ አያውቅም። ሁለት ወር ሊሞላው ነው። መጀመሪያ መስመር የለም አልኩ፣ ቀጥዬ ስልኩ ተሰረቀ አልኩ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ድምፁን ካልሰማሁ እህል አይወርድልኝም ብላ ሳህኑን ትመልስልኛለች። ያቀረብኩላትን በእጇ ገፋ አድርጋ "ይቆየኝ" ነው የምትለው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። የልምምድ ቀረጻዎቹን በሙሉ በፍላሽ አድርገሽ ለገረመው ስጪልኝ። ዘፈኖቹን አይደለም የምፈልገው። በመሃል የሚያወራውን ነው፤ ሲቀልድ፣ ሰላም ሲል፣ ስንጨቃጨቅ። ላፕቶፔ እዚህ አለ። የማደርገው ገብቶሻል፣ በዝርዝር አታስጽፊኝ።

ስለ እንቅልፍ ጠይቀሽኝ ነበር። እተኛለሁ።

ኢምራን

ቦሌ ቡልቡላ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢምራን፤

ያለፈውን ደብዳቤዬን ቅደደው። ተናድጄ ነበር። የሞተ ሰው ድምፅ ቆራርጦ ማጣበቅ ኃጢአት ነው ብዬ የሰበክሁህ እኔ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከረገጥኩ ስንት ጊዜዬ ነው? እናትህ ሳህን ይመልሳሉ ካልከኝ በኋላ ግን ፍላሹን ይዤ ልቀመጥ አልቻልኩም። ገረመው ይሰጥሃል።

ምን ያህል እንደሆነ ለጠየቅከኝ፦ አርባ አንድ ሰዓት ነው። ከመላኬ በፊት ሁሉንም ሰማሁት። ከሥራ ስገባ ጀምሬ፣ ቅዳሜና እሁድን ጨምሬ ጨረስኩት። የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤቶች ቤቴ እንግዳ የገባ መስሏቸዋል።

ገና ስንጀምር፣ መብራት በፈረቃ በነበረ ጊዜ የቀዳነው አለ። ሐሩን "ዛሬ ፈረቃው የኛ ነው፣ ፍጠኑ" ሲል ይሰማል። ስማችንን ከዚያ እንዳገኘነው ረስቼው ነበር። አንተ የከበሮ ማሽኑን እንደ ሕፃን ታባብለዋለህ። እኔ ቤዝ ላይ የማውቀው ሁለት ኖታ ነው፣ ያንኑ እደጋግመዋለሁ፣ ወንድምህ በላዩ ባቲ ይዘፍንበታል፣ ጊታሩን ደግሞ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ያጉረመርማል። ያስጠላል። ደግሞም ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የሚያምር ነገር ሠርተን አናውቅም።

መድኃኔዓለም ያለው ሆቴል ምድር ቤት የተጫወትንበት ቀንም አለ። አሥራ አንድ ሰው ነበር፣ ሦስቱ አስተናጋጆች። ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንድ ሰውዬ ተነስቶ "የሚታወቅ ነገር ተጫወቱ እንጂ" ይላል። ሐሩን "ነገ ይታወቃል" ብሎት ቀጠለ። እውነትም የመጀመሪያው አልበማችን "ማረፊያ" ሲወጣ ያ ዘፈን በየታክሲው ይሰማ ጀመር። የሬዲዮው ሰውዬ አልበሙን "ቤት ውስጥ የተቀዳ ሐዘን" ያለ ጊዜ ሐሩን እንዴት ተቆጥቶ ነበር? "ሐዘን አይደለም፣ አውሮፕላን ነው" ይላል በቀረጻው ላይ። በየሃያ ደቂቃው በጣሪያችን ላይ እያለፈ ቀረጻ ሲያበላሽብን አንተ ዓመት ሙሉ ስትጥለው ኖርክ፤ እሱ ነው ተዉት፣ ዘፈኑ ውስጥ ይረፍ ያለው።

ከአውሮፕላኑ ሥር ደግሞ ያ እምምታ አለ፣ እምም እያለ ከሐሩን የጊታር አምፕ፣ ከድምፅ ማጉያው፣ የሚወጣው። አንተ እንደ ጠላት ታሳድደው ነበር፣ እሱ ጊታሩን በእሱ ይቃኝ ነበር። አርባ አንዱን ሰዓት ሙሉ ማለት ይቻላል አብሮን አለ። ከሐምሌ ወዲህ ባሉት ቀረጻዎች ላይ ግን የለም፤ ጭር ብሏል። አንተ ልብ ብለኸው ታውቃለህ?

ስለ ሁለተኛው አልበም፦ ከዘጠኙ ዘፈን ሰባቱን ዘፍኖ ጨርሷቸዋል። እናውጣው ላሉኝ ሰዎች ጊዜ ስጡኝ ብያለሁ። ሽፋኑ ላይ የተወለደበትና የሞተበት ዓመት ሳይጻፍ አይወጣም። እናቱ ሳይሰሙ ደግሞ እኔ አልጽፈውም።

ኬብሎቹን ጠይቀኸኛል። ሐሩን የሞተበት አዳራሽ ሰዎች ሁሉንም በካርቶን መልሰውልናል። አልከፈትኩትም።

ሔዋን

ሐይቅ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሔዋን፤

ፍላሹ በሰላም ደርሷል። ዘግይቼ በመጻፌ አትቀየሚኝ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሥራ ማለት ከቻልኩ።

አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው የወጣልኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። "እማ" የሚለውን ያገኘሁት ከዘፈን ውስጥ ነው። "ደህና ነኝ" አንቺ ስለ ሳሉ ስትጠይቂው የመለሰልሽ ነው። "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ያለው ለእትዬ የሺመቤት፣ "በቅርብ እመጣለሁ" ያለው ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ለኔ። መጨረሻ ላይ "እወድሻለሁ" አለ። እሱ ያንቺ ነው። ማይኩ ክፍት እንደነበር ሁለታችሁም አላወቃችሁም ነበር። አርባ አንዱንም ሰዓት ሰምቼዋለሁ ስላልሽኝ ይህንንም ሰምተሽዋል፤ ማጥፋት ስትችዪ ትተሽልኛል። በምን አፌ እንደማመሰግንሽ አላውቅም። ይቅርታ እንጂ ሌላ ቃል የለኝም።

በስልክ ተቀድቶ የመጣ እንዲመስል ድምፁን አጠበብኩት፣ የጀርባውን ኳኳታ ሁሉ አጸዳሁ። እጄ ሥራውን ያውቀዋል። እየሠራሁ ሳለ አንድ ሁለት ጊዜ ደስ ብሎኝ ራሴን አገኘሁት፤ አንድ ቃል ከሌላው ጋር ስፌቱ ሳይታይ ሲገጥም የሚሰማሽን ደስታ ታውቂዋለሽ። ይህን ለማንም አትንገሪ።

ጁምዓ ጠዋት አሰማኋት። ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ አጣብቃ አዳመጠችው። ድገመው አለችኝ። ደገምኩላት። ለሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችኝም። አልሐምዱሊላህ ብላ ውዱእ አድርጋ ሰገደች፣ ሶላቷም ረዘመ። ከዚያ መጥታ ቁጭ ብላ በላች። እኔ እስክጠግብ ድረስ ከሳህኑ እጇን አላነሳችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሐሩን አንድም ጊዜ አልጠየቀችኝም። ተሳክቷል መሰለኝ። ተሳክቷል እያልኩ ነው ጠዋት የምነሳው።

ስለ ሐምሌ ለጠየቅሽኝ፣ ልብ አላልኩትም።

ኢምራን

ቦሌ ሚካኤል፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢምራን፤

ኢድ ሙባረክ፤ ከአምስት ቀን በኋላም ቢሆን። ለእናትህም በልብህ አድርስልኝ።

ለኢድ ሌላ ድምፅ እንድልክልህ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። የኢድ ሰላምታ የሚመስል ነገር ካለ ፈልጊልኝ ብለሃል። አለ። አልላክሁልህም፣ ወደፊትም አልልክልህም። አንድ ጊዜ ለእናት ጉሮሮ ብዬ አደረግሁት። ለሁለተኛው ግን የምትራበው አንተ ነህ።

ይህን የምጽፍልህ ከልምምድ ቤቱ ነው። እትዬ የሺመቤት ቤቱን ሸጠውታል፣ ሊፈርስ ነው፣ እኛም እስከ ፋሲካ ዕቃችንን ማውጣት አለብን። ስፖንጁን ከግድግዳው ስገነጥል እሳቸው በር ላይ ቆመው አለቀሱ። እኔ ማልቀስ እየፈለግሁ እሳቸውን ሳባብል ዋልኩ። ለኔ ማን ለቅሶ ይደርሰኛል? ሚስቱ አይደለሁም፣ እህቱ አይደለሁም። መሥሪያ ቤት "የባንድ ጓደኛዬ" ብዬ አንድ ቀን ፈቃድ ሰጡኝ።

አሁን የምጽፈውን ቁጭ ብለህ አንብበው። ካርቶኑን አልከፈትኩትም ያልኩህ ውሸቴን ነው። የከፈትኩት በቀብሩ ማግስት ነው። የሐሩን አምፕ ስፒና ውስጥ ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ፣ የመሬቱ፣ ሰው እንዳይነዘር የሚጠብቀው፣ ተቆርጧል። ጫፉ በጥቁር ፕላስተር ሦስት ዙር ተጠቅልሏል። ከኛ መሃል እንደዚያ በሥርዓት የሚጠቀልል አንድ ሰው ብቻ ነው። እምምታው ከሐምሌ ወዲህ ለምን እንደጠፋ ቀረጻውን ስሰማ ገባኝ። ልብ ብለኸው ታውቃለህ ወይ ብዬ የጠየቅሁህ አንተ ራስህ እንድትነግረኝ ነበር።

ለመርማሪው የመድረኩ ጣሪያ ያፈስ ነበር፣ ወለሉ እርጥብ ነበር ብዬ ነው የተናገርኩት። እውነት ነው፣ ያፈስ ነበር። ስለ ሽቦው ትንፍሽ አላልኩም። ቢነገር ሐሩን አይመለስ፣ አንተም አትተርፍም ብዬ ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ያን ቀን ከሰዓት የድምፅ ሙከራ ስናደርግ ማይኩ ከንፈሬን ነዝሮኝ ነበር። "ካልሲ አልብሱት" ብዬ አለፍኩ። ስንት ዓመት ነው ሁላችንም ስንነዘር የኖርነው? እንደ ቀልድ ለምደነው፣ ማይክ ላይ ካልሲ ማልበስ የባንዱ ባህል መስሎን ነበር። ካልሲውን የሚያመጣ ሳይገኝ ሐሩን ጊታሩን አንስቶ ወደ ማይኩ ሄደ።

ስለዚህ ልባቸው አይችልም አትበለኝ። ሐኪሙ ደህና ናቸው ካለ አራት ወር አልፎታል። እናትህን ከሞቱ አይደለም የምትሰውራቸው፣ ከእጅህ ነው። አልበሙን ይዤ እጠብቅሃለሁ። ዓመት ይፍጅ፣ ሁለት ዓመት ይፍጅ፣ ሳትነግራቸው አላወጣውም። አንተን ልቀጣህ ብዬ አይደለም። ሌላ የማውቀው ነገር ስለሌለ ነው።

ሔዋን

ሐይቅ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሔዋን፤

ከካርቶኑ ደብዳቤ ወዲህ በጻፍሽልኝ በሁለቱም ደብዳቤ ሐሩን ስለ ሽቦው ያውቅ ነበር ወይ ብለሽኛል። አያውቅም ነበር።

ሐምሌ ነው። ሰባተኛውን ዘፈን ስንቀዳ፣ እንደምታስታውሺው መሃሉ ላይ ሁሉም ነገር ይቆምና ድምፁ ብቻ ይቀራል። እዚያች ጸጥታ ላይ ያ እምምታ ገብቶ ይቀመጥብኛል። በማጣሪያ ሞከርኩ፣ ድምፁን ይዞት ይሄዳል። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ፣ እሱ ወጣ ብሎ ነበር። ስፒናውን ፈታሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የመሬቱን ሽቦ መቁረጥ እምምታ እንደሚያጠፋ ከዓመታት በፊት አንድ የድምፅ ባለሙያ ነግሮኛል፤ ሰው ሁሉ ያደርገዋል አለኝ። አደጋ እንዳለውም ነግሮኛል። ሁለቱንም ሰምቻለሁ።

ሐሩን ተመልሶ አንድ ክር ነካ አደረገና ቀና ብሎ አየኝ። "ምን አደረግከው? ክፍሉ ሞተ እኮ" አለኝ። ኬብል ቀየርኩ አልኩት። ቀረጻው ሲያልቅ መልሼ ልቀጥለው ነበር። አልበሙ አላለቀም፣ እኔም ረሳሁት። አዳራሹ ውስጥ ዕቃ ስናራግፍ ያንን አምፕ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። የሰካሁትም እኔ ነኝ።

ይኸው። ጻፍኩት።

ለእማ ግን አልቻልኩም። ከሱብሒ ሶላት በኋላ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ዚክሯን እስክትጨርስ እጠብቃለሁ። "እማ" እላታለሁ። "አቤት ልጄ" ትላለች። ሆዴን አሞኛል እላታለሁ። ስንት ቀን እንዲህ እንዳልኳት ብታውቂ። እሷም በየቀኑ ሆዴን በቅቤ ታሸኛለች፣ አንድም ቀን ሐኪም ቤት ሂድ አላለችኝም።

ሞቱን ነግሬያት ሽቦውን ብተው ይቻላል? አስቤበታለሁ። ዝናብ ነበር ማለት እችላለሁ፣ አንቺ እንዳልሽው። ግን ያን ካልኩ በኋላ አንድ ልጅ ቀረኝ ብላ ታቅፈኛለች። ያን እቅፍ መቻሌን እንጃ።

ይህን ደብዳቤ እንዳታቃጥዪው። አንድ ሰው እጅ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ።

ኢምራን

ሐይቅ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሔዋን፤

ይህ ደብዳቤ የኔ የመኪያ ነው። እጁ የኢምራን ነው፣ ቃሉ የኔ ነው። እንዳይቀንስም እንዳይጨምርም ቁርአን አስይዤ አስምዬዋለሁ።

እንዴት ነሽ ልጄ? በዓይን አላውቅሽም፣ በጆሮ ግን አውቅሻለሁ። ሐሩን ጁምዓ ጠዋት ሲደውልልኝ ከኋላው የምትስቅ ሴት ነበረች። ማናት ስለው ሬዲዮ ነው ይለኝ ነበር። ሬዲዮ ጁምዓ በመጣ ቁጥር እንደዚያ አይስቅም። እኔም አንድ ቀን ያመጣታል ብዬ ዝም አልሁት። እናቱን ፈርቶም ይሁን አንቺን፣ ሳያመጣሽ ቀረ።

ዛሬ ከሱብሒ በኋላ ይኼ የሚጽፈው ልጅ ነገረኝ። ሞቱንም ሽቦውንም ነገረኝ። አንቺ የጻፍሽለትንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበልኝ። እንዳትቀየሚው፣ አንብብልኝ ያልሁት እኔ ነኝ።

መሞቱን እኔ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ከሆስፒታል በወጣሁ በአሥረኛው ቀን ገደማ ነው። ሴቶቹ ሊጠይቁኝ እየመጡ ስለ ዓሣውም ስለ ትምህርት ቤቱም ያወሩኛል፣ ስለ ሐሩን የምትጠይቀኝ ግን ጠፋች። ልጇ ባሕር ማዶ ሄደ የተባለች እናት ሰው ያደርቃታል እንጂ እንዲህ አይተዋትም። መቼ ይመጣል፣ ምን ላከልሽ፣ ለልጄም መንገድ ያሳየው፣ ይህን ሁሉ ትባል ነበር። ወንድሜ አብዱራሕማን የሰውን አፍ ዘግቶ ሲያበቃ በዚያው ነገረኝ።

ለምን ዝም አልሽ ብሎኛል ኢምራን። ፊቱን አይቼ ነዋ። ወንድም የሞተበት ሰው ፊት አውቃለሁ፣ የእሱ ግን ከዚያ የባሰ ነበር። ምን እንደሆነ አላወቅሁም፣ አንድ ነገር እንዳለ ግን አወቅሁ። እኔ አውቄያለሁ ብለው የሚወድቅ መሰለኝ፣ አንዱን ቀብሬ ሌላውን ልቀብር ፈራሁ። እሱ ለልቤ ፈራ፣ እኔ ለነፍሱ። ሰባት ወር በአንድ ቤት እንዲህ ተጠባበቅን። እህል የጠላሁትም ድምፁን ፈልጌ ሳይሆን ሐዘኑ አላስውጥ ብሎኝ ነው።

በስልክ ያሰማኝን ነገር ላንቺም ልንገርሽ፣ አይክፋሽ። ልጄ "እማ" ካለኝ በኋላ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። "አቤት" እስክለው ሌላ ቃል አይናገርም። ያ ድምፅ አልጠበቀኝም፣ አቤት ልል አፌን ስከፍት አልፎኝ ሄደ። ድገመው ያልሁት ምናልባት ሁለተኛው ላይ ይጠብቀኝ እንደሆነ ብዬ ነው። ከዚያ ተነስቼ ለሞተ ሰው የሚደረገውን ዱዓ አደረግሁለት። በላች ብሎ ጽፎልሻል። የበላሁት እሱ እንዲበላ ነው።

ስለ ሽቦው። እግሬ ላይ ወድቆ ቀደር ነው፣ የአላህ ፍርድ ነው በይኝ አለኝ። ቀደር ነው አልሁት። የቆረጥኸው ደግሞ አንተ ነህ አልሁት። ሁለቱንም ነው ያልሁት፣ ሁለቱንም ጻፍ። ብዕሩን አስቀምጧል፣ ያንሳና ይጻፈው። አንዱን ብቻ ብለው ከኔ ጋር እየኖረ ብቻውን ይሆናል። ይቅር፣ አፉ ብዬዋለሁ። ገና አልሰማኝም፣ ነገም እለዋለሁ፣ እስኪሰማኝ እለዋለሁ። አንቺንም ስለ ከንፈርሽና ስለ ካልሲው አፉ ብያለሁ፤ ካልጠየቅሽኝም ይኸው።

የምለምንሽ አለኝ። የሐሩንን ድምፅ ሳይቆራረጥ ላኪልኝ። ሲያስል፣ ሲሳሳት፣ ወንድሙን ሲሳደብ፣ አውሮፕላኑም ያም የሚያጉረመርመው ነገር እንዳለበት። አልበም የምትዪውን አውጪው፣ ዓመቱንም ጻፊበት፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ራስሽም ነዪ። ገረመው ያመጣሻል። ሚስትም እኅትም አይደለሁም ብለሽ የጻፍሽውን ሰምቻለሁ። እኔ ቤት ለለቅሶ የሚመጣ ሰው ምን እንደሆነ አይጠየቅም፣ አጠገቤ ትቀመጫለሽ።

ሸኹ ሐዘን ሦስት ቀን ነው ይላሉ፣ ጩኸትም ክልክል ነው። አልጮኽም። ሰባት ወር ሙሉ ውኃ የምቀዳ እየመሰልሁ፣ ጓሮ እየወጣሁ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብዬ ነው ያለቀስሁት። ሦስት ቀኔ ዛሬ ይጀምራል። ኢምራን መጻፉ እዚህ ላይ ይብቃውና ሄዶ ጎረቤቶቹን ይጥራልኝ፤ ሰው ፊት ማልቀስ ናፍቆኛል።